ክሩ የበግ አልነበረም፤ ስለ ልብስ ማድረቂያ ኳስ ከደሴ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

«ጋሼ፣ ደሴ ውስጥ ስምንት ክፍል ያላት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። ክረምት በገባ ቁጥር አንሶላና ፎጣ አልደርቅ እያለ ስላስቸገረኝ ያገለገለ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ገዛሁ። ከውጭ አገር የመጣች እህቴ ከልብሱ ጋር ማሽኑ ውስጥ የሚገባ የሱፍ ኳስ እንዳለ፣ ልብስ ቶሎ እንደሚያደርቅና እንደሚያለሰልስ ነገረችኝ። ከገበያ የሱፍ ክር ገዝቼ ስድስት ኳስ ጠቀለልኩ፤ በሙቅ ውሃም ሁለት ጊዜ አጠብኳቸው። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ውስጥ ተፈትተው ከፎጣው ጋር ተተበተቡ። ምን አጥፍቼ ነው? እዚሁ ወሎ ካለው የበግ ፀጉር መሥራት ይቻላል ወይ? የመብራት ወጪስ በእርግጥ ይቀንሳል?»

እህቴ፣ እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም። የገዙት ክር የበግ ፀጉር አልነበረም።

ገበያ ላይ «ሱፍ» እየተባለ የሚሸጠው ደማቅ ቀለም ያለው የሹራብ ክር አብዛኛው አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ ከነዳጅ ተዋጽኦ በፋብሪካ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ በግ አጠገብ ደርሶ አያውቅም። ሻጩም ሆን ብሎ አታሎዎት ላይሆን ይችላል፤ ቋንቋችን ራሱ ነገሩን አደባልቆታል። ሱፍ ስንል ጾም ላይ ወጥ የምናደርገው ፍሬም ሱፍ ነው፣ ለሠርግ የሚለበሰው ኮትና ሱሪም ሱፍ ነው፣ የሹራብ ክርም ሱፍ ነው። ስለዚህ እኔ ከዚህ በኋላ «የበግ ፀጉር» ብቻ እላለሁ፤ እርስዎም ገበያ ሲወጡ እንደዚያው ብለው ይጠይቁ።

ያመጡት ነገር እውነተኛ መሆኑን ቤትዎ ውስጥ በሁለት ደቂቃ ማረጋገጥ ይችላሉ። ጣት የምታህል ክር ቆርጠው በወረንጦ ይዘው ከሻማ ነበልባል ጋር ያገናኟት። የበግ ፀጉር ከሆነች ትንተከተካለች እንጂ አትንቦገቦግም፤ ከእሳቱ ስትለይ ወዲያው ትጠፋለች፤ ሽታዋ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ነው፤ የሚቀረውን ጥቁር ነገር በጣትዎ ሲጨምቁት ዱቄት ይሆናል። አክሪሊክ ከሆነች ግን እየቀለጠች ትነድዳለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ጫፏ ላይ እንደ ዶቃ የጠነከረ ጥቁር ነገር ይቀራል። ያን ዶቃ ትኩስ እያለ እንዳይነኩት፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። ሌላው መፈተኛ በረኪና ነው። ትንሽ በረኪና በብርጭቆ አድርገው ክሯን ነክረው ይደሩ። የበግ ፀጉር ከነበረች ጠዋት አያገኟትም፣ ሟሙታ ትጠፋለች፤ አክሪሊክ እንዳለች ትቆያለች። ይህን ያነሳሁት በሌላም ምክንያት ነው፤ ነጭ አንሶላ የሚያጥብ ሰው በረኪና ከእጁ አይለይም። ኳሶቹ ከተሠሩ በኋላ በረኪና ያለበት እጥበት ውስጥ አንድ ጊዜ ከገቡ አለቀላቸው።

አሁን ደግሞ ለምን እንደተፈቱ ልንገርዎት፤ ይህ ከገባዎት የቀረውን እኔም ባልነግርዎት ይደርሱበታል። በልጅነትዎ የገብስ ዛላ እጅጌዎ ውስጥ ከትተው ተጫውተው ያውቁ ይሆናል። እጅዎን ባወዛወዙ ቁጥር ዛላው ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይመለስም፤ ብብትዎ ስር ደርሶ ያገኙታል። የበግ ፀጉርም በዓይን አይታይም እንጂ እንደዚያ ነው። እያንዳንዷ ዘለላ እንደ ቤት ክዳን ተደራርበው በተተከሉ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነች ናት፤ የቅርፊቶቹ ጫፍ ሁሉ የሚመለከተው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና ሲያገኛት ትለሰልሳለች፣ ትለጠጣለች። በዚያ ላይ ስትታሽ ትሳባለች፤ የምትሳበው ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው፣ መመለስ አትችልም። ሺህ ዘለላ እንዲህ እርስ በርሱ ሲሳሳብ ተጠላልፎ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይፈታውም። በስህተት በፈላ ውሃ ያጠቡት ሹራብ የሕፃን ልብስ አክሎ የወጣበት ምክንያት ይኸው ነው። አክሪሊክ ቅርፊት የለውም፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቢቀቅሉት ክር ሆኖ ይኖራል። የእርስዎ ኳስ የተጠቀለለ ክር ብቻ ነበር፤ የተጠቀለለ ነገር ደግሞ ማሽን ውስጥ ሲወረወር ይፈታል።

ስለዚህ ኳሱን ኳስ የሚያደርገው መጠቅለሉ አይደለም፣ መረገጡ ነው። መረገጥ ያልኩት እንዲሁ አይደለም። እኔ የለጋምቦ ልጅ ነኝ። አያቴ የፈተለችው የበግ ፀጉር ሸማኔ ዘንድ ሄዶ ባና፣ ማለትም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ሆኖ ሲመለስ ገና ባና አይባልም ነበር፤ ወደ ፀሐይ ሲያነሱት ብርሃን በድርና ማጉ መሀል ያልፋል። ወንዝ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይዘረጋና እኛ አራት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን እንወጣበታለን። እሷ ከድስቱ ሙቅ ውሃ በቅል እየቀዳች እግራችን ስር ታፈሳለች፤ የእንዶዱ አረፋ በጣቶቻችን መሀል ይወጣል። ውሃው ሲያቃጥለን እግራችንን ስናነሳ «ጨክናችሁ እርገጡ እንጂ፤ ባናው አይሞትም!» ትለን ነበር። ከሰዓት በኋላ ላይ ባናው አንድ ክንድ ያህል አጥሮ፣ ወፍሮ፣ ዝናብ የማያሳልፍ ሆኖ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ማጠናቀቂያ ክፍል ገብቼ ዓመታት ስሠራ፣ መሐንዲሶቹ በሰሌዳ ላይ ሥዕል ሥለው ያስረዱኝ አያቴ በቅል ውሃ ያስተማረችኝን ነው። ኳሷም ትንሽ ባና ናት ብለው ያስቡ።

ወደ ፀጉሩ እንምጣ፤ ሥራው ሰባ በመቶ እዚህ ላይ ያልቃል። ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ ወይም ከደላንታ ደጋ የሚመጣ የበግ ፀጉር ይሆንልዎታል። የወሎ በግ ፀጉሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ላዩ ሻካራ፣ ሥሩ ግን ብርዱን የሚከላከልበት ለስላሳ ድምድም ነው። እኛ የምንፈልገው የሥሩን ነው። ላዩ ላይ ያለው ወፍራምና ደረቅ ፀጉር አይጠላለፍም፤ ኳሱ ውስጥ ቢገባም ቀስ በቀስ እየወጣ ፎጣ ላይ እንደ እሾህ ይሰካል፣ እንግዳዎም ፊቱን ሲጠርግ ይወጋዋል። አንድ እፍኝ ፀጉር በሁለት እጅዎ ጫፍና ጫፉን ይዘው ቀስ ብለው ቢስቡት ረጅሙና ሻካራው ለብቻው ይለያል። የጠቦት ፀጉር ካገኙ ደግሞ ምርጡ እሱ ነው።

ከማን እንደሚገዙ ግን ይጠንቀቁ፤ ይህን በቀልድ አይለፉት። ከቆመ፣ ከጤነኛ በግ ላይ የተሸለተ መሆኑን ከሚያውቁት ሰው ይግዙ። በድንገት የሞተ በግ ፀጉር በነጻ ቢሰጥዎትም አይንኩ። አባ ሰንጋ አገራችን ውስጥ አለ፤ ጀርሙ ራሱን በጠንካራ ሽፋን ጠቅልሎ ፀጉርና አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና አይበግረውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ከተማ ውስጥ ፀጉር እየለዩ የሚውሉ ሠራተኞችን በሳንባቸው ገብቶ ስለገደላቸው በሽታው በእነሱ ሥራ ስም ተጠርቶ ነበር። ለመዥገር መድኃኒት በቅርቡ የተረጨ በግ ከሆነም ያ ፀጉር ይቅርብዎት። ሲለቅሙ አፍንጫዎን በነጠላ ሸፈን ያድርጉ፤ ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ለአረፋና ለፋሲካ ከሚታረደው ሙክት ቆዳ ላይ መሸለትስ? ይቻላል፤ ግን መቀሱ ቆዳውን ከነካው የቆዳው ዋጋ ይወርዳልና ከባለቤቱ ጋር መጣላት ይመጣል። ከቆዳ ፋብሪካ በኬሚካል የተነቀለውን ፀጉር ግን አልመክርም። ኖራውና ሰልፋይዱ ፀጉሩን ይጎዳዋል፤ እንደሚገባው አይጠቀጠቅም።

ቀለሙን በሚመለከት ለእርስዎ ምርጫ የለም፤ ነጭ ብቻ። ይህን በገንዘቤ ተምሬዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ኳሶቼን ጥቁር ፀጉር ርካሽ ሆኖ ስላገኘሁ በጥቁር ሠርቼ፣ ኮምቦልቻ ላይ ላንድ ሆቴል ልብስ ክፍል በኩራት አበረከትኩ። በማግስቱ ጠሩኝ። ነጩ አንሶላ ሁሉ ላይ ቅንድብ የተላጨበት ይመስል አጫጭር ጥቁር ፀጉር ተሰክቷል። ሁለት ሴቶች ከሰዓቱን ሁሉ በማጣበቂያ ፕላስተር ሲለቅሙ ዋሉ፤ እኔም አብሬ ለቀምኩ። አዲስ ኳስ መጀመሪያ ላይ ትንሽ መርገፉ አይቀርም፤ ነጭ ከሆነ ማንም አያየውም።

ለስድስት ኳስ ግማሽ ኪሎ ያልታጠበ ፀጉር ይበቃዎታል። ሲታጠብ ጭቃውና ቅባቱ ስለሚሄድ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ሻካራው ሲለቀም ደግሞ ሌላ ይቀነሳል። እጥበቱ ላይ ሰዎች በሁለት መንገድ ይሳሳታሉ። አንደኛው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። የበግ ፀጉር ላይ ያለው ቅባት፣ ላኖሊን የሚባለው፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ስለዚህ እጅ የማያስቆይ፣ 60 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ማሸት ነው። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና እሽታ ከተገናኙ ገና ሳንጠቀልለው ይጠቀጠቅብናል። ስለዚህ ፀጉሩን በሰፊ ሳፋ ሙቅ የሳሙና ውሃ ውስጥ ቀስ ብለው ገፍተው ያስጥሙትና ሃያ ደቂቃ ይተዉት። አያማስሉ። ውሃው ሳይቀዘቅዝ ያውጡት፤ ከቀዘቀዘ የለቀቀው ቅባት ተመልሶ ይጣበቃል። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ በተመሳሳይ ሙቀት ባለው ውሃ ያድርጉት። ለዚህ እንደ እንዶድ የሚስማማ አላየሁም፤ አረፋው ጥሩ ነው፣ ፀጉሩንም አያደርቀውም። እንዶድ ካጡ ተራ የገላ ሳሙና ፈግፍገው ይጠቀሙ። ኢንዛይም ያለበትን የዱቄት ሳሙና ይተዉት፤ ደምና እንቁላል ከልብስ ላይ የሚበላው ኢንዛይም የበግ ፀጉርንም ይበላል፣ ሁሉም ፕሮቲን ናቸውና። የልብስ ሶዳ በርከት አድርጎ መጨመርም እንደዚሁ ነው፤ እኔ አንድ ጊዜ ቶሎ እንዲጠራልኝ ብዬ አብዝቼበት ፀጉሩ ቢጫ ሆኖ እንደ ጭድ እየተሰበረ ወጣልኝ።

ከደረቀ በኋላ ማባዘት ነው። ደጋን ያለው ጥጥ ነዳፊ ካወቁ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይፈጅበታል፤ ካጡም በእጅዎ እየቦጨቁ ጉም እስኪመስል ድረስ ያሳሱት። የተቋጠረ ነገር እንዳይተዉ፤ ቋጠሮ ኳሱ ላይ እንደ ኪንታሮት ይወጣል።

መሀሉን ለመሥራት በእጅ የተፈተለ የበግ ፀጉር ክር ካለ መልካም። ከሌለ ልባሽ ጨርቅ ተራ ሄደው ያረጀ ሹራብ ይፈልጉ፤ ምልክቱ ላይ መቶ በመቶ የበግ ፀጉር የሚል። «በማሽን ይታጠባል» የሚል ከሆነ ግን አይግዙት፤ ያ ሹራብ እንዳይጠብ ተብሎ ቅርፊቶቹ በክሎሪን ተልጠው በስስ ፕላስቲክ የተቀባ ስለሆነ ለእኛ ከአክሪሊክ አይሻልም። ሹራቡን ተርትረው ክሩን ሎሚ እስኪያክል አጥብቀው ይጠቅልሉ። አጥብቀው ስል እጅዎ እስኪደክም ማለቴ ነው። በእሱ ላይ የተባዘተውን ፀጉር በስሱ፣ እንደ ስስ እንጀራ እያደረጉ፣ አንዱን በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም፣ ሌላውን በሰያፍ ያልብሱት። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ የሚያያዘው የለም፤ ሲታሽ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። አንድ ወፍራም ሽፋን ከማልበስ አሥር ስስ ሽፋን ማልበስ ይሻላል። በመጨረሻ ዲያሜትሩ ዘጠኝ ወይም አሥር ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ 40 ግራም ሲደመር ሲቀነስ አምስት ይሁን። ሲጠቀጠቅ ወደ ሰባት ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ የቴኒስ ኳስ ያህል ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ አንሶላ መሀል ይጠፋል።

አሁን መርገጡ መጣ። አሮጌ የሴት ስቶኪንግ አምጥተው ኳሶቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ይክተቱ፤ በእያንዳንዱ መሀል በጥጥ ክር አጥብቀው ይሰሩ። በበግ ፀጉር ክር ካሰሩት እስሩ ራሱ አብሮ ተጠቅጥቆ መፍታት ያቅትዎታል። ይህን ሰንሰለት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከሁለት ጂንስ ሱሪ ጋር አስገብተው በ60 ዲግሪ፣ ረጅሙን ፕሮግራም መርጠው ያጥቡት። ጂንሱን እኛ ልጆች በባናው ላይ እንደነበርነው ይቁጠሩት፤ የሚረግጠው እሱ ነው። ከዚያ ማድረቂያው ውስጥ ያስገቡት፤ እንደገና ያጥቡት፣ እንደገና ያድርቁት። የወሎ በግ ፀጉር ሻከር ስለሚል ሦስት ጊዜ አይበቃውም ይሆናል፤ እኔ አራት ጊዜ አደርጋለሁ። በየመሀሉ ስቶኪንጉን ፈትተው ኳሶቹን ያላቅቋቸው፤ ካልሆነ የኳሱ ፀጉር በስቶኪንጉ ቀዳዳ ወጥቶ ይጣበቃል።

ማጠቢያ ማሽንዎ ውሃ የማያሞቅ ከሆነ በድስት ይሠራል። ኳሶቹን ከነስቶኪንጋቸው በሳሙና ውሃ ሃያ ደቂቃ ይቀቅሏቸው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ አውጥተው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ ሲበርድልዎት በሁለት መዳፍዎ መሀል፣ መጀመሪያ ሕፃን እንደሚያጥቡ በስሱ፣ ላዩ ቆዳ ሲያበጅ ደግሞ ጭብጦ እንደሚያድቦለብሉ ጠንከር አድርገው ሩብ ሰዓት ያሽከርክሩ። መጀመሪያ ላይ ከጨከኑበት ይሰነጠቃል። በስሱ መጀመር፣ በኃይል መጨረስ ነው።

መድረሱን ለማወቅ ላዩን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይሳቡ። ፀጉር ተነጥሎ ከመጣ አልደረሰም። ጠቅላላ ቆዳው አብሮ ከተነሳና ሲለቁት ከተመለሰ ደርሷል። ከመጀመሪያዎቹ አንዷን ቢሠዉ ደስ ይለኛል፤ በስለታም ቢላ ለሁለት ይክፈሏት። ውስጧ እንደ ቡሽ ጥቅጥቅ ብሎ፣ በክሩና በላዩ በለበሰው ፀጉር መሀል ክፍተት ሳይኖር ከታየ ሌሎቹን ማመን ይችላሉ። የለበሰው ፀጉር ከመሀሉ ክር ተላቆ እንደ ለውዝ ፍሬ ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ መሀሉ ላልቶ ነበር ማለት ነው።

ስለ መብራት ወጪው ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፤ እህትዎ ከነገረችዎት ያነሰ ነው። ስድስት ኪሎ ደረቅ ልብስ ታጥቦ በደቂቃ 1,000 ጊዜ በሚዞር ማሽን ሲጨመቅ 60 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይወጣል፤ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ውሃ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 0.63 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ ያን ሁሉ ውሃ ለማትነን ቢያንስ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወጣል፤ ተራ ማድረቂያ ማሽን ደግሞ አየሩንና ራሱን ጭምር ስለሚያሞቅ ከዚያ በላይ ይበላል። ይህን ዝቅተኛ ልክ ምንም ኳስ አይቀንሰውም፤ ውሃው ያው ውሃ ነው። ኳሱ የሚቆርጠው ብክነቱን ነው። እርጥብ አንሶላ ማሽን ውስጥ እንደ ገመድ ይጠማዘዝና ላዩ ደርቆ መሀሉ እርጥብ ይቀራል፤ ያንን ለማድረቅ እንደገና ሃያ ደቂቃ ይከፍላሉ። ኳሶቹ በመሀሉ እየወደቁ ጥምዙን ይከፍቱታል፣ ሙቁ አየር ይገባል። የበግ ፀጉር ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ቢጠጣም እርጥብ አይመስልም ይባላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስድስት ኳስ ሁሉም ተደምሮ ሩብ ኪሎ ስለሚሆን ከሦስት ኪሎ ተኩል ውሃ የሚወስደው ኢምንት ነው። ቁም ነገሩ መጠጣቱ ላይ አይደለም።

ስለዚህ ከኳሱ በፊት ማጠቢያ ማሽንዎን ይመልከቱ። በደቂቃ 1,400 የሚዞር ከሆነና እርስዎ በ800 የሚጨምቁ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ። ከ1,000 ወደ 1,400 ሲያሳድጉት ውሃው ወደ 50 በመቶ ይወርዳል፤ ከዚያው ስድስት ኪሎ ልብስ ስድስት መቶ ግራም ውሃ ያለ እሳት ወጣ ማለት ነው። የብናኝ ማጣሪያውንም በየዙሩ ያራግፉ። ያገለገለ ማሽን ስለገዙ የጀርባውን የአየር ቱቦ አንድ ቀን አስፈትተው ያስጠርጉ፤ እኔ ከፍቼ ካየኋቸው አሮጌ ማድረቂያዎች ቱቦው ውስጥ ትራስ የሚሞላ ብናኝ ያልወጣበት ጥቂት ነው። ያ ብናኝ ወጪ ብቻ አይደለም፤ እሳት ያስነሳል።

ለስድስት ኪሎ ስድስት ኳስ ይክተቱ፤ ማሽኑን ግን አይሙሉት፤ ሲሶው ባዶ ካልሆነ ኳሶቹ የሚወድቁበት ቦታ የለም። የብርድ ልብስ ሽፋን ሲያስገቡ ቁልፎቹን ቆልፈው ያስገቡ። ክፍት ከሆነ አፉን ከፍቶ ኳሶቹን አንድ በአንድ ይውጣቸዋል፤ በኋላ አልጋ ሲያነጥፉ ከጥግ ያገኟቸዋል። ድምፃቸው ደብ ደብ ስለሚል ማሽኑ የእንግዳ ክፍል ጎን ከሆነ ማታ አያንቀሳቅሱት።

ልስላሴውን በተመለከተ ፎጣው ላይ ለውጡን ያያሉ፤ እየተመታ ስለሚደርቅ ክሮቹ ይነሳሉ። ፈሳሽ ማለስለሻ የሚጠቀሙ ከሆነ ፎጣ ላይ አያድርጉት፤ ማለስለሻ ክሩን በስስ ቅባት ነገር ስለሚሸፍነው ፎጣው ውሃ መምጠጥ ያቆማል፤ እንግዳው ገላውን ሲያደርቅ ውሃው ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ልብሱ ሲወጣ የሚንጣጣውና ገላ ላይ የሚጣበቀው ነገር ግን በኳስ አይጠፋም። ያ የሚመጣው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከልክ በላይ ሲደርቅ ነው። ፖሊስተር መጋረጃና አንሶላውን ከጥጡ ለይተው ትንሽ እርጥበት እያለው ያውጡት።

ወሎዬ ስለሆኑ አንድ ነገር እጠረጥራለሁ፤ ኳሱ ላይ ሽቶ ወይም የአደስ ዘይት ጠብ ማድረግ ያምርዎታል። እባክዎ አያድርጉት። ዘይት የጠጣ የበግ ፀጉር በዚያ ሙቀት ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። አንሶላው መዓዛ እንዲኖረው ከፈለጉ ደርቆ ታጥፎ ቁም ሳጥን ከገባ በኋላ በመሀሉ ደረቅ ጠጅ ሳር ወይም አሪቲ ጣል ያድርጉበት። መብራት በመሀል ሲጠፋም ማሽኑን እንደሞላ አይተዉት፤ የጋለ ልብስ ተቆልሎ ሲቀመጥ ሙቀቱ የሚወጣበት የለውም። ወዲያው በሩን ከፍተው አውጥተው ይበትኑት።

ኳሶቹ በዓመት ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ ይታጠቡ፤ ያበጠው ፀጉራቸው በመቀስ ይከርከም። ማሽኑን በበጋ የማያንቀሳቅሱት ከሆነ ቅርጫት ውስጥ አይርሷቸው፤ ብል የበግ ፀጉር ይወዳል። የታሸገ ጣሳ ውስጥ ያስቀምጧቸው። ሲያንሱ አይጣሉም፤ አዲስ የተባዘተ ፀጉር በላያቸው አልብሰው እንደገና ያጥቧቸዋል፤ የኔ ሁለቱ እንዲህ እየታደሱ ነው ያሉት።

ማድረቂያ ማሽን የሌላቸው ሰዎችም ይጠይቁኛልና፣ ገመድ ላይ ለሚደርቅ ልብስ ይህ ኳስ ምንም አይሠራም።

የተፈታውን አክሪሊክ ክር ከፎጣው ላይ በመቀስ እየቆረጡ ያውጡት፤ አይሳቡት፣ የፎጣውን ዘለላ አብሮ ይነቅለዋል። የተረፈዎት ደህና ክር ካለ ለልጅ ኮፍያ ይሆናል። መጀመሪያ ሁለት ኳስ ብቻ ይሥሩ፤ አንዷን ለቢላው፣ አንዷን ለሙከራ። ጥር ላይ በደረቁ ጊዜ ከጀመሩት ሐምሌ ሲገባና ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ስድስቱም ደርሰው ይጠብቁዎታል።